ገዢው «ይቅርብኝ» ሲል፦ ከቀብዱ በፊት ንብረቱን ማላቀቅ

ውል ተፈርሞ፣ ቀብድ ተከፍሎ፣ ቀሪው ገንዘብ በሚጠበቅበት ሰሞን ገዢው «ይቅርብኝ» ሲል፣ ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «ቀብዱ የማን ይሆናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል አይመስለኝም። የቤትና የመሬት ሽያጭ ውሎችን በማዘጋጀት፣ ከዚያም በላይ የተበላሹትን በመቋጨት ሥራ ላይ ለዓመታት ስቆይ ደጋግሜ ያስተዋልኩት፣ ሻጮችን አብዝቶ የሚጎዳው የቀብዱ መመለስ ሳይሆን፣ ንብረቱ ሞቶ ባልተቀበረ ውል ታስሮ ወራት ማስቆጠሩ መሆኑን ነው። ገዢው አይከፍልም፣ ሻጩም ለሌላ ሰው በልበ ሙሉነት መሸጥ አይችልም፤ የባንክ ወለዱ፣ ግብሩና የእድሳት ወጪው ግን አይቆምም። ስለዚህ የእኔ አቋም አንድ ነው፦ ገዢ ሲያፈገፍግ የሻጩ የመጀመሪያ ሥራ ንብረቱን ከአሮጌው ውል በጽሑፍ ማላቀቅ ሲሆን፣ የገንዘቡ ሙግት ከዚያ በኋላ ወይም ከዚያ ጋር ጎን ለጎን የሚካሄድ ነው።

በቅድሚያ ገዢው የወጣው ከምን እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም «ውል አፈረሰ» ተብሎ የሚወቀሰው ሰው አንዳንድ ጊዜ ሊያፈርሰው የሚችል ውል ጨርሶ አልነበረውም። በእንግሊዝና በዌልስ ተዋዋዮቹ በዋጋው ከተስማሙ በኋላም ቢሆን፣ የተፈረሙት ውሎች እስኪለዋወጡ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ያለ ካሳ መውጣት ይችላሉ፤ እስከዚያ ለጠበቃና ለቤት ምርመራ ያወጡት ገንዘብ በየራሳቸው ኪሳራ ሆኖ ይቀራል። በጀርመን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በኖተሪ (በውል አዋዋይ) ፊት ካልተፈጸመ ውጤት የለውም፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ የቃል ተስፋ ገዢውን እንዲገዛ አያስገድደውም። በፈረንሳይ ደግሞ መኖሪያ ቤት የሚገዛ ግለሰብ ቅድመ ውሉን ከፈረመ በኋላ እንኳ፣ ውሉ በአግባቡ ከደረሰው ማግስት ጀምሮ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መተው ይችላል። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ለመኖሪያ ቤት ገዢዎች 5 የሥራ ቀናት ትፈቅዳለች፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ የወጣ ገዢ ከሽያጩ ዋጋ 0.25 በመቶውን ያጣል፤ በጨረታ የገዛ ግን ይህ መብት የለውም። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ ሆነው በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረጉ ተደንግጓል። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አገር ለማነጻጸር ብዬ አይደለም። በአንዱ አገር ቀብድ የሚያስቀር ድርጊት በሌላው አገር ነጻ መብት ስለሆነ፣ ሻጩ ቁጣውን ከመግለጹ በፊት የውሉንና የቀኑን ሁኔታ ማየት እንዳለበት ለማሳየት ነው።

ውሉ ጸንቶ ከሆነ ቀጥሎ የሚነበቡት በውስጡ የተቀመጡት ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። ገዢው ብድር ካገኘ፣ የቤቱ ምርመራ ውጤት ካረካው፣ የባንኩ ግምት ከዋጋው ካላነሰ፣ ወይም የራሱን ቤት አስቀድሞ ከሸጠ የሚሉ ሐረጎች በውሉ ውስጥ ካሉ፣ ገዢው በእነርሱ መሠረትና በተወሰነው ጊዜ ውስጥ እስከወጣ ድረስ ውል አፈረሰ ማለት አይቻልም፤ ያደረገው ውሉ የፈቀደለትን ነው። እዚህ ላይ ሻጮች ልብ የማይሉት ነገር አለ። እነዚህ መብቶች አብዛኛውን ጊዜ ቀነ ገደብና የአሠራር ሥርዓት አላቸው፤ ብድር የተከለከለው ገዢ በእርግጥ ማመልከቻ ማስገባቱን፣ የባንኩን የእምቢታ ደብዳቤ ማቅረቡን፣ ማስታወቂያውንም ገደቡ ከማለፉ በፊት በጽሑፍ መላኩን ማሳየት ሊኖርበት ይችላል። ብድር ሳይጠይቅ «ባንኩ ከለከለኝ» የሚል ገዢና ከልቡ ሞክሮ ያልተሳካለት ገዢ በአንድ ዓይን አይታዩም። ስለዚህ ደብዳቤውን መጠየቅ ጭካኔ አይደለም፤ ገዢው እውነተኛ ከሆነ ወረቀቱን ለመስጠት አይቸገርም።

ምክንያቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለፍርድ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ሽያጭ ሊድን ይችላልና ነው። ገዢው ስልክ ደውሎ «እግዚአብሔር አልፈቀደውም» ሲል፣ ከዚህ አባባል በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚቆጠር፣ የሚለካ ነገር አለ፦ ባንኩ ቤቱን ከውሉ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ገምቶታል፣ የጣሪያው እንጨት ምስጥ እንደበላው በምርመራ ታውቋል፣ የትዳር ጓደኛው አልፈረመችም፣ ወይም ሥራውን አጥቷል። የግምቱ ልዩነት ከሆነ ከፊሉን ሻጩ ቀንሶ ከፊሉን ገዢው ከኪሱ ጨምሮ መቀራረብ ይቻላል፤ የጥገና ጉዳይ ከሆነ ወጪውን የሚያሳይ የባለሙያ ዋጋ ተጠይቆ በእርሱ ላይ መነጋገር ይቻላል፤ ጊዜ ብቻ ከሆነ የጎደለው፣ ለተራዘመው ጊዜ የወለድ ክፍያ ታስቦ አዲስ ቀን በጽሑፍ መስጠት ይቻላል። ሥራውን ላጣ ወይም ፍቺ ላይ ላለ ሰው ግን ቀን ማራዘም ሻጩን ይጎዳል እንጂ ሽያጩን አያድነውም። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ላይ እልህ የተጋቡ ሻጮች ገዢውን «ግድ ትገዛለህ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ገንዘብ የሌለውን ሰው በማስገደድ የሚገኝ ገንዘብ ግን የለም።

ከሁሉ የተለየ አያያዝ የሚፈልገው፣ በመጨረሻው ሰዓት «ዋጋውን ካልቀነስክ እተወዋለሁ» የሚለው ገዢ ነው። ይህ ሰው እየወጣ ሳይሆን እየተደራደረ ነው፤ የሚተማመነውም ሻጩ ሌላ ቤት ለመግዛት ተዋውሎ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ወደኋላ መመለስ በማይችልበት ቀን ላይ መድረሱን በማወቅ ነው። የእኔ ምክር ሻጩ መልሱን በዚያው ስልክ ላይ እንዳይሰጥ ነው። ገዢው ጥያቄውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይጠየቅ፤ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ካለው ይጽፈዋል፣ ከሌለው ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ያሳፍረዋል። ሻጩ በበኩሉ ሂሳቡን ያስላ፦ የተጠየቀው ቅናሽ፣ ንብረቱን እንደገና ለገበያ አውጥቶ ለመሸጥ ከሚወስደው ጊዜ ወለድና ወጪ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል ወይስ ይበልጣል? ቅናሹ ካነሰ መቀበል ውርደት አይደለም፤ ነገር ግን ቅናሹ ውሉ በዚያው ዕለት የሚጸናበት ወይም ክፍያው በዚያው ሳምንት የሚፈጸምበት እንጂ ለሁለተኛ ዙር ድርድር በር የሚከፍት መሆን የለበትም።

ገዢው በቁርጡ መተዉን ከገለጸ ሻጩ በዚያው ዕለት ማድረግ ያለበት ነገር ቀላል ነው፤ የተባለውን ወደ ጽሑፍ መለወጥ። የቃል ንግግር ከሦስት ሳምንት በኋላ ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል፤ ያው ገዢ ሌላ ገዢ መገኘቱን ሲሰማ «እኔ መቼ ተውኩ? ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ነው ያልኩት» ሊል ይችላል። ለዚህ ጠበቃ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አጭር መልእክት ይበቃል። እኔ ብዙ ጊዜ የማረቅቀው እንዲህ ያለ ነው፦ «ዛሬ ጠዋት በስልክ ባደረግነው ንግግር በመካከላችን የተደረገውን የቤት ሽያጭ ውል መፈጸም እንደማይፈልጉ ገልጸውልኛል። የገለጹልኝም ምክንያት ባንኩ ብድሩን አለመፍቀዱን ነው። ይህ የተሳሳተ ከሆነ እስከ ፊታችን ዓርብ ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ፣ ትክክል ከሆነም የባንኩን ደብዳቤ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። ይህ መልእክት በውሉና በሕግ ያሉኝን መብቶች እንደተወሁ አያስቆጥርም።» በዚህ ውስጥ ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም፣ ቀብዱም አልተነሳም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ሊቀር የማይገባው ነው፤ ምክንያቱም ሻጩ ከዚያ በኋላ ስለ ማራዘሚያም ሆነ ስለ ዋጋ ቢነጋገር፣ መነጋገሩ ብቻ ጥፋቱን ይቅር እንዳለ እንዳይቆጠርበት ይጠብቀዋል።

ገዢው ዝም ያለ እንደሆነ፣ ማለትም ስልክ የማያነሳ፣ ቀኑ ሲደርስም የማይመጣ ከሆነ፣ ጉዳዩ ወደ ማስጠንቀቂያ ይሄዳል። በብዙ የሕግ ሥርዓቶች ሻጩ ውሉን ከማፍረሱ በፊት ለገዢው የመጨረሻ ዕድል መስጠት ይጠበቅበታል። በእንግሊዝ በሰፊው በሚሠራበት መደበኛ የሽያጭ ውል መሠረት፣ የማጠናቀቂያው ቀን ካለፈ በኋላ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 10 የሥራ ቀናት ነው፤ በኢትዮጵያ ሕግም ውል አልተፈጸመልኝም ባዩ በመርህ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያው የውሉን ቀን፣ የንብረቱን መለያ፣ ያልተከፈለውን ገንዘብና የመጨረሻውን ቀን በማያሻማ ቋንቋ ሊገልጽ፣ የተላከበት መንገድም ማስረጃ የሚተው ሊሆን ይገባል። ቀኑን በሰዓት ጭምር መወሰን ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ፣ የሆንግ ኮንጉን ጉዳይ ያስታውስ፦ አንድ ገዢ የአፓርታማውን ቀሪ ክፍያ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ማስረከብ ሲገባው 10 ደቂቃ ዘግይቶ ቼኩን አቀረበ፤ ውሉ ጊዜው ወሳኝ መሆኑን በግልጽ ይናገር ስለነበር ሻጩ ውሉን አፍርሶ 10 በመቶውን ቀብድ አስቀረ፤ ያኔ የሆንግ ኮንግ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የለንደኑ ፕሪቪ ካውንስልም እ.ኤ.አ. በ1997 ለሻጩ ፈረደ። በአንጻሩ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከፊል ክፍያ እየተቀበለ፣ «ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ የቆየ ሻጭ፣ አንድ ቀን ማልዶ ተነሥቶ ውሉ ፈርሷል ቢል የሚሰማው ዳኛ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ቀብዱ እንምጣ። በመጀመሪያ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ከፊል ክፍያ ብቻ? ውሉ «ቅድመ ክፍያ» ብሎ ጽፎት ከሆነ፣ ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው የደረሰበትን ጉዳት ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀብድ ከሆነ ደግሞ ሥርዓቱ ጥንታዊ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ፣ ቀብድ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1590 ተመሳሳይ ነገር ይላል። ከዚህ የሚከተለውን ሻጮች ብዙ ጊዜ አያስተውሉትም፦ በእንዲህ ያለ ሕግ ሥር ቀብድ ለመውጣት የሚከፈል ዋጋ በመሆኑ፣ ገዢው ቀብዱን ትቶ ከሄደ መብቱን ተጠቅሟል፤ ሻጩ ከቀብዱ በላይ ካሳ የመጠየቅ ሐሳብ ካለው ውሉ ሲረቀቅ ተቃራኒውን በግልጽ ማስጻፍ ነበረበት። በእንግሊዝ ሕግ ቀብድ የሚታየው በሌላ ዓይን ነው፤ እዚያ የቃል ማጽኛ በመሆኑ ሻጩ ቀብዱን አስቀርቶ የቀረውን ጉዳትም መጠየቅ ይችላል፤ ይሁንና ከተለመደው 10 በመቶ በላይ ሲሆን ፍርድ ቤት ሊመረምረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በዚያው በፕሪቪ ካውንስል ውሳኔ ያለቀ አንድ የጃማይካ ጉዳይ ላይ፣ ባንክ በጨረታ ለሸጠው ንብረት የተቀበለው 25 በመቶ ቀብድ ምክንያታዊ አይደለም ተብሎ፣ የደረሰበትን ጉዳት ካስረዳ ከዚያው ላይ ተቀንሶለት እንዲመልስ ተወስኗል። 25ቱ ወደ 10 ዝቅ ተደርጎ 10ሩ ይቅርለት እንኳ አልተባለም።

ቀብዱ በሦስተኛ ወገን እጅ፣ ማለትም በጠበቃ፣ በኖተሪ ወይም ለዚሁ በተቋቋመ ድርጅት ሒሳብ ከተቀመጠ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ገንዘቡን የያዘው አካል የሁለቱን ፊርማ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካላየ ለማንም አይሰጥም። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ታስረዋል፦ ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩ ንብረቱን። ንብረቱ በየወሩ ወጪ የሚያስወጣ ከሆነ ጊዜው የሚሠራው ለገዢው ነው። ለዚህ ነው ከቀብዱ ግማሹን ለቆ በሳምንት ውስጥ ፊርማ ማግኘት፣ ሙሉውን ለማግኘት ዓመት ከመሟገት ይሻላል የምለው። ይህን ስናገር አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ሻጩን ታዳክመዋለህ ይሉኛል፤ ሂሳቡን አብረን ስንሠራ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ።

የማላቀቂያው ሰነድ የዚህ ሁሉ ማሠሪያ ነው። የውል ማፍረሻ ስምምነት ተብሎ የሚዘጋጀው ይህ ወረቀት በተቻለ መጠን ዋናው ውል በተደረገበት ሥርዓት መደረግ አለበት፤ ዋናው በውል አዋዋይ ፊት ተፈርሞ ከሆነ ማፍረሻውም እዚያው ቢፈረም ይመረጣል፤ ዋናውን ባልና ሚስት ከፈረሙት ማፍረሻውን አንዱ ብቻ ቢፈርመው ጉድለት ነው። በውስጡ ዋናው ውል በቀኑና በቁጥሩ ተጠቅሶ መፍረሱ፣ ቀብዱ ለማን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሰጥ፣ ገዢው የተቀበላቸው የባለቤትነት ሰነዶች ቅጂዎችና ቁልፎች መመለሳቸው፣ ከዚህ በኋላም አንዱ በሌላው ላይ በዚህ ሽያጭ ምክንያት ምንም ዓይነት ጥያቄ እንደማያነሳ መጻፍ አለበት። ሻጩ የካሳ ጥያቄውን ማቆየት ከፈለገ ግን ይህን የመጨረሻውን ሐረግ መፈረም የለበትም፤ በእርሱ ፋንታ ንብረቱ ነጻ መሆኑን ብቻ የሚናገር፣ የገንዘቡን ክርክር ለሌላ ጊዜ የሚተው አጭር ስምምነት ማድረግ ይሻለዋል። ገዢው የቀብዱ ክርክር ሳያልቅ እንዲህ ያለውን ወረቀት ይፈርማል ወይ ለሚለው፣ ከማውቃቸው ብዙዎቹ ፈርመዋል፤ ንብረቱን የማይፈልገው ሰው በንብረቱ ላይ መብት ይዞ መቆየቱ ለእርሱም ወጪ ነው። ፈርሞ ሲያበቃም ሥራው አላለቀም። ገዢው በመዝገብ ላይ ማስታወሻ ወይም እግድ አስመዝግቦ ከነበረ፣ ስምምነቱን ይዞ መዝገብ ቤት መሄድና መሰረዙን የሚያሳይ አዲስ ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ገዢ ጠበቃ የሚያየው መዝገቡን እንጂ የሻጩን መሳቢያ አይደለም።

ይህ ሳይጠናቀቅ ሁለተኛ ገዢ ቢመጣ ምን ይደረጋል? በሁለት ቢላ መብላት የሚያምራቸው ሻጮች ሁለተኛውን ውል በዝምታ ይፈርሙና፣ የመጀመሪያው ገዢ ገንዘቡን ይዞ ከች ሲል ለሁለቱም ባለ ዕዳ ይሆናሉ፤ አንዱ ቤቱን ሲወስድ ሌላው ካሳ ይጠይቃል፣ ቀብድ እጥፍ በሚመለስበት ሕግ ሥር ደግሞ ኪሳራው የታወቀ ነው። ሻጩ ሁለተኛውን ሰው ማባረር ግን የለበትም። የመጀመሪያው ውል በጽሑፍ መፍረሱ እንደ ቅድመ ሁኔታ የተቀመጠበት፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልተሟላ ሁለቱም ያለ ካሳ የሚለያዩበት ውል መፈረም ይቻላል፤ ለሁለተኛው ገዢም እውነቱን መንገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ገዢዎች ይህን ሲሰሙ አይሸሹም፣ የሚሸሹት ከሌላ ሰው ሲሰሙት ነው። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጉዳይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የመጀመሪያው ገዢ የወጣው የቤቱን ጉድለት አግኝቶ ከሆነ፣ ሻጩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድለቱን ያውቃል። ቀድሞ «አላውቅም ነበር» ማለት ይችል የነበረው ሰው አሁን አይችልም፤ ለቀጣዩ ገዢ ደብቆ ቢሸጥና ጉድለቱ ቢታወቅ፣ የመጀመሪያው ገዢ ያስመረመረበት ሪፖርት ማስረጃ ሆኖ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ወይ ይጠገን፣ ወይ በውሉ ውስጥ ተገልጾ በዋጋው ይታሰብ።

ወደ ፍርድ ቤት ስለ መሄድ ያለኝን በአጭሩ ልናገር። ሻጩ የሚጠይቀው ጉዳት በአብዛኛው በውሉ ዋጋና በኋላ በተሸጠበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከዚያም ላይ ለዳግም ሽያጩ ያወጣው ወጪና ወለድ ነው። በሁለተኛው ጊዜ በተሻለ ዋጋ ከሸጠ የሚጠይቀው ነገር ያንሳል ወይም ይጠፋል። ጉዳቱ እንዳይሰፋ ተገቢውን ጥረት የማድረግ ግዴታም ስላለበት፣ ገዢውን ለመቅጣት ሲል ቤቱን ለዓመት ዘግቶ ቢያስቀምጥ የዓመቱን ኪሳራ ሁሉ ማስከፈል አይችልም። ስለዚህ መቼ ለገበያ እንዳወጣው፣ ስንት ሰው እንዳየውና ምን ዋጋ እንደቀረበለት የሚያሳዩ ወረቀቶችን መያዝ አለበት። ገዢው ውሉን እንዲፈጽም በፍርድ ማስገደድም በአንዳንድ አገሮች ይፈቀዳል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በነበረው በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የታየው ጉዳይ ይህ መንገድ የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል። ሻጮቹ ገዢዋ ውሉን እንድትፈጽም የሚያዝ ፍርድ አግኝተው ነበር፤ ትእዛዙ ሳይፈጸም ግን በመያዣ ያበደሯቸው ድርጅቶች ንብረቱን ሸጡት። የጌቶች ምክር ቤት በኋላ ወደ ካሳ እንዲመለሱ ፈቅዶላቸዋል፤ ቤቱ ግን ከእጃቸው ወጥቷል።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ይቀሩኛል። የመጀመሪያው ደላላው ነው፤ ሽያጩ ሳይጠናቀቅ ኮሚሽን ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው በራሱ በድለላው ውል ላይ የሚወሰን ስለሆነ፣ ከገዢው ጋር የሚደረገው የማፍረሻ ስምምነት ይህንን ዕዳ እንደማይዘጋው መዘንጋት አይገባም። ሁለተኛው ክፍያው ሳይጠናቀቅ ቁልፍ የተቀበለ ገዢ ነው። ይህ ሰው ውሉን ቢተውም ቤቱን ላይተው ይችላል፤ ዕቃው ገብቷል፣ ልጆቹ በአቅራቢያው ትምህርት ጀምረዋል፣ ምናልባትም ግድግዳ አፍርሶ ኩሽና አስፍቷል። እንዲህ ባለው ሁኔታ ላይ ሻጩ ራሱ ቁልፍ ቀይሮ ወይም መብራት አስቆርጦ ሊያስወጣው አይሞክር፤ ይህ በብዙ ቦታ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ከሳሹን ተከሳሽ ያደርገዋል። የሚሻለው የመውጫ ቀን፣ እስከዚያ የሚከፈል የመኖሪያ ኪራይና ለተሠራው ሥራ የሚታሰብ ሒሳብ በማፍረሻው ስምምነት ውስጥ አብረው እንዲገቡ ማድረግ፣ ቀብዱም የሚለቀቀው ቤቱ ባዶ ሆኖ ከተረከቡት በኋላ እንዲሆን ማሰር ነው።

ለቀጣዩ ገዢ ውል ሲረቀቅ የምለውጣቸው ሐረጎች ከዚህ የተነሡ ናቸው። የብድር ቅድመ ሁኔታው የባንክ ደብዳቤ የሚቀርብበት ቀን ይኖረዋል፤ ቀኑ ካለፈ ገዢው ቅድመ ሁኔታውን እንደተወው ይቆጠራል። ቀብዱ የመውጫ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከእርሱ በላይ ካሳ ይጠየቃል የሚለው በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ቁልፍ ከሙሉ ክፍያ በፊት አይሰጥም። ማስጠንቀቂያ በየትኛው አድራሻና በምን መንገድ እንደሚላክ፣ ከተላከ በኋላም ስንት ቀን ሲሞላው እንደ ደረሰ እንደሚቆጠር ይጠቀሳል። ከነዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ሐረግ እጨምራለሁ፦ ውሉ በማናቸውም ምክንያት ቢፈርስ፣ የገንዘብ ክርክር ኖረም አልኖረ፣ ገዢው በንብረቱ መዝገብ ላይ ያስመዘገበውን ማናቸውንም ነገር በ7 ቀናት ውስጥ ሊያሰርዝ ይገደዳል፤ ካላሰረዘም ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። መጠኑን የምወስነው ንብረቱ ሳይሸጥ ሲቆይ በቀን የሚያስወጣውን ወለድና ወጪ አስልቼ ነው፤ ገዢው ከየት አመጣኸው ብሎ ቢጠይቅም ስሌቱን ከውሉ ጋር አያይዤ አሳየዋለሁ።